አንድ ትልቅ ፓውዛ ጋጣ አያበራም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ቤተሰቤን የማስተዳድረው በስድስት የጭነት ጋሪ ፈረሶች ነው። እስካሁን የሚያድሩት ግቢው ውስጥ በዛፍ ሥር ነበር። አሁን 12 ሜትር በ9 ሜትር የሆነ የብሎኬት ጋጣ እየሠራሁላቸው ነው። መሃሉ መተላለፊያ ሲሆን በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ክፍሎች አሉት። በመጨረሻው ሦስት ሜትር ላይ መኖና የጋሪ ዕቃ ይቀመጣል፤ ፈረስ የሚታጠበውና ሰኮናው የሚታየውም እዚያው ነው። ግድግዳው አልቋል፣ ጣራ ሊመታ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው “መሃል ላይ አንድ ባለ 100 ዋት ፓውዛ ይበቃሃል” ብሎኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? ስለ መስኮቱስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጣራው ሳይመታ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። አብዛኛው ሰው ስለ መብራት የሚያስበው ቆርቆሮው ከተመታ፣ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሽቦው ባገኘው በኩል ይሄዳል፣ አምፖሉም ባገኘው ምሰሶ ላይ ይሰቀላል።

ፓውዛውን አይስቀሉት። ፓውዛ ለግቢና ለመጋዘን በር የተሠራ መብራት ነው። በእርስዎ ጋጣ መሃል ቢሰቀል ሰው የሚያልፍበትን መንገድ ዓይን እስኪያጭበረብር ያበራል፤ ፈረሱ የቆመበትን ክፍል ግን የመከፋፈያው ግድግዳ ይጋርደዋል። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚመጣም ፈረሱ በመብራቱና በእርስዎ መካከል ሲቆም ጥላው የሚያርፈው ሊያዩት በፈለጉት ቦታ ላይ ነው፦ ሆዱ ሥር፣ ደረቱ ላይ ማሰሪያው ባለፈበት፣ በሰኮናው ውስጥ። የጋሪ ፈረስ ቁስል የሚጀምረውም እዚያው ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከሥራ ሲመለስ ሳይታይ ያለፈ ትንሽ ልጠት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያው ማሰሪያ ይጠብቅበታል። በዚህ የተነሳ ለሳምንታት ሥራ የፈቱ ፈረሶች አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛልም፣ ምክንያቱም በጊዜ ቢታይ ኖሮ በውሃና በጨው ታጥቦ የሚድን ነበር። ስለዚህ የጋጣ መብራት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ስንት ዋት?” ሳይሆን “እዚህ ቦታ ቆሜ ምን ማየት አለብኝ?” የሚለው ነው።

ከቀን ብርሃን ልጀምር፤ ነፃ ስለሆነና በድሬ ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ የሙቀት ጉዳይ ስለሆነ። በቀዝቃዛ አገር ያሉ ሰዎች ጣራቸው ላይ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ በሰፊው ይዘረጋሉ። እኛ ጋ ያ አይሆንም። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚህ ሁለት ወራት መካከል ወደ ሰሜን፣ በቀረው ዓመት ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ጣራ ላይ የሚከፈት ብርሃን በየትኛውም ወገን ቢሆን ፀሐይዋን ከነትኩሳቷ ያስገባል፤ በግንቦትና በሰኔ የጥላው ሙቀት ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ይህ ፈረስን ማሰቃየት ነው። ፕላስቲክ ቆርቆሮ ማስገባት ከፈለጉ ሁለት ብቻ ያድርጉ፤ ያንንም ከመተላለፊያው በላይ እንጂ ከክፍሎቹ በላይ አይሁን።

ብርሃኑን ከግድግዳው ጫፍ ይውሰዱት። ከወለሉ ሁለት ሜትር በላይ፣ ከጣራው ሥር፣ ከ50 እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚሆን ክፍተት በግድግዳው ርዝመት ሁሉ ይተውና ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይምቱበት። የጣራው ክፈፍም አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይውጣ። ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያዩ ከሆነ የቀትር ፀሐይ ክፈፉን አልፋ አትገባም፤ የሚገባው ከሰማይና ከግቢው የሚንጸባረቀው ለስላሳ ብርሃን ይሆናል። የምዕራቡ ግድግዳ ግን ይደፈን። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ያለችው ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ክፈፍ አያግዳትም፤ ከውጭ ዛፍ ቢተክሉ ይሻላል፣ ኒም በድሬ አፈር ቶሎ ያድጋል። ቀዚራ ሄደው የድሮዎቹን የምድር ባቡር ቤቶች በረንዳ ቢያዩ የምለውን ወዲያው ይረዱታል፤ ፀሐይ ሳይገባ ብርሃን ይገባል። በዚያው ክፍተት ከሽንት የሚነሳው አሞኒያም ይወጣል፤ አሞኒያ የፈረሱን ሳንባ ከመጉዳቱ በላይ የሽቦ መጋጠሚያዎችን ይበላል።

ግድግዳውን ውስጡን ኖራ ይቀቡት። ጥቁር ብሎኬት ብርሃንን ይውጣል፣ ነጭ ኖራ አብዛኛውን ይመልሳል፤ ከዚህ የረከሰ የመብራት ማሻሻያ የለም። እርጥብ ኖራ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል በደንብ እስኪደርቅ ፈረስ አያስገቡ። ፈረስ የሚልሰውንና የሚታከከውን የታችኛውን ክፍል ያለ ኖራ በሲሚንቶ ይለስኑት።

አሁን ወደ አምፖሉ። ለእያንዳንዱ ክፍል ዕለታዊ ሥራ፣ ማለትም ለመመገብ፣ ለመጥረግ፣ ፈረሱን ለማየት፣ 100 ሉክስ ይበቃል። አንድ ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ አንድ ሉመን ነው፤ የሉመኑ ቁጥር በአምፖሉ ካርቶን ላይ ተጽፏል። የእርስዎ ክፍል 3 በ3፣ 9 ካሬ ሜትር ስለሆነ ወለሉ ላይ 900 ሉመን መድረስ አለበት። ከአምፖሉ ከሚወጣው ግማሽ ያህሉ በአቧራ፣ በግድግዳና በጣራ ይጠፋል ብለው ያስቡና 1,800 ሉመን ይግዙ፤ ያ ማለት እያንዳንዳቸው 900 ሉመን ገደማ የሚሰጡ ሁለት ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መሃል አይስቀሏቸው። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ መከፋፈያ በኩል፣ ከፈረሱ ጎንና ጎን ያድርጓቸው። አንዱ የጣለውን ጥላ ሌላው ያነሳዋል።

መተላለፊያው ሦስት አምፖል ይበቃዋል፤ ብዙ አልጨነቅበትም። ፈረሱ የሚታጠብበትና ሰኮናው የሚታይበት ቦታ ግን የገንዘብዎን ትልቁን ድርሻ የሚገባው ነው። እዚያ ቢያንስ 200 ሉክስ ያስፈልጋል። ቦታው 3 በ4 ከሆነ ሦስት ባለ 18 ዋት ረጃጅም ኤልኢዲ መብራቶችን፣ ሁለቱን ከጎንና ከጎን፣ ሦስተኛውን ከኋላ በኩል ያስቀምጡ። ሰኮና የሚያነሳው ሰው ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ለጣራው ስለሚሰጥ የአናት መብራት አይጠቅመውም፤ የጎኑ ነው የሚያድነው። ለዚህ ቦታ ነጭ የሆነውን፣ 4,000 ኬልቪን የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ደምና መግል በትክክለኛ ቀለማቸው ይታያሉ። ለክፍሎቹ ግን 2,700 ወይም 3,000 ኬልቪን የተባለው ቢጫማ ብርሃን ይሁን። ይህን የምለው ለማማር አይደለም። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያስተላልፉት ሲመሽ የሚወጡ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ትናንሽ ተናካሽ ነፍሳት ናቸው። ነጭና ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ነፍሳትን ይጠራል፤ ቢጫው በጣም ያነሰ ይጠራል። ወንፊቱም ጥቅጥቅ ያለ ይሁን ያልሁት ለዚሁ ነው። የፈረሶቹን የውሃ በርሜልም ይክደኑ፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆና የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ የምትራባው በከተማ ውስጥ ባሉ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ነው።

ይህ ሁሉ አምፖል፣ የበሩን ጨምሮ፣ በአንድ ጊዜ ቢበራ 220 ዋት አካባቢ ነው። የሚያስፈራ አይደለም። ደግሞም ሁሉም በአንድ ጊዜ መብራት የለበትም፤ የግራ ክፍሎች፣ የቀኝ ክፍሎች፣ መተላለፊያውና የመታጠቢያው ቦታ ለየብቻ ማብሪያ ይኑራቸው። የመተላለፊያው ከሁለቱም በር የሚበራና የሚጠፋ ይሁን፤ ፈረስ በእጅዎ ይዘው በጨለማ ማብሪያ አይፈልጉ።

አሁን የምለውን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያንብቡለት። አምፖሎቹ ከ2 ሜትር ተኩል በታች አይውረዱ፤ ፈረስ ሲደነግጥ አንገቱን ይወረውራል፣ በኋላ እግሩም ይቆማል። ነገር ግን ቆርቆሮው ላይም አይለጠፉ። የድሬ ቆርቆሮ ቀን እጅ አያስነካም፤ የኤልኢዲ አምፖል የሚሞተው ደግሞ በውስጡ ያለው ትንሹ ኤሌክትሮኒክ ክፍል በሙቀት ሲቃጠል ነው። ከቆርቆሮው 40 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ባለ አግዳሚ እንጨት ላይ ይሰሩ። መያዣው አቧራና ውሃ የማያስገባ፣ “አይፒ 65” የተባለው ይሁን፤ የመጀመሪያው 6 አቧራ ፈጽሞ እንደማይገባ፣ ሁለተኛው 5 ደግሞ በጎማ ቢረጭ ውሃ እንደማይገባ ይናገራል። ዙሪያውንም በሽቦ መከለያ ይሸፈን። አምፖሉ ላይ ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚል ካለ ይግዙት፤ ኃይል ሲዋዥቅ ይችላል።

ሽቦው በሙሉ በቱቦ ውስጥ ይለፍ። አይጥ መኖ ባለበት አትጠፋም፣ የሽቦ ልባስም ትበላለች፤ ስለዚህ ፈረስና አይጥ የሚደርሱበት ሁሉ የብረት ቱቦ ይሁን፣ ቱቦውም ከመሬት ሽቦ ጋር ይታሰር። ስካቶላዎቹ፣ ማለትም የሽቦ መጋጠሚያ ሳጥኖቹ፣ ክዳናቸው የሚጠብቅ ይሁን። ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በ10 አምፔር ብሬከር ይበቃል። በዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ከሽቦው ወጥቶ ወደ መሬት ወይም ወደ አካል ሲፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የፍሳሽ ብሬከር የግድ ይግባ። “ውድ ነው፣ ለሰው ቤት እንኳ አናስገባም” ቢልዎት አይስሙት። እርጥብ ወለል ላይ በአራት የብረት ጫማ የቆመ ፈረስ ከሰው ይልቅ በኤሌክትሪክ ይጎዳል፤ የሚናገርበት አፍም የለውም። ዋናው ማጥፊያ ከጋጣው ውጭ ይሁን፤ እሳት ቢነሳ ወደ ውስጥ ገብቶ ማጥፊያ የሚፈልግ ሰው መኖር የለበትም።

እሳት ካልሁ አይቀር፣ ድርቆሽና የማሽላ አገዳ በሚከመርበት በኩል አምፖል ባይኖር እመርጣለሁ፤ ከመተላለፊያው የሚደርሰው ብርሃን ይበቃል። የድሮው የክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ሙቀት ስለሚያደርገው ጋጣ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሃሎጅን ደግሞ የባሰ ነው። አባቴ ከለገሃር ወደ መጋላ ጋሪ ይነዳ ነበር፣ ጋጣ የሚገባውም ፋኖስ ይዞ ነበር፤ ያኔ ሌላ አልነበረም። ዛሬ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማና ኩራዝ ይዞ ጭድ መሃል መግባት ይቅር። ቻርጅ የሚደረግ የእጅ ባትሪ በበሩ በኩል ሁልጊዜ ተሰቅሎ ይገኝ። የሸረሪት ድርንና የአምፖል አቧራን በየወሩ ይጥረጉ፤ ድሩ ደረቅ ማቀጣጠያ ነው፣ አቧራውም የከፈሉበትን ብርሃን ይበላል።

የምሽቱ ሥራ ሲያልቅ ሁሉንም ያጥፉ። ጨለማው ለፈረሶቹ ያስፈልጋቸዋል። የፈረስ ዓይን ከየብስ እንስሳት ዓይን ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ነው፣ ከበስተኋላውም ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው እኛ ምንም በማናይበት ጨለማ ያያል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፈረሴ ጠዋትና ማታ ጋጣው ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ቀትር ላይ ግን በሩ ላይ ይገተራል፤ ሲጎትቱት ወደ ኋላ ይሸሻል። ጓደኞቼ “ሸረኛ ነው፣ ግረፈው” ይሉኛል። ከገንደ ቆሬ።

መልስ፦ አትግረፈው ወንድሜ፣ እውነቱን እየነገረህ ነው። በጨለማ የሚያየው ያ ዓይን ከደማቅ ብርሃን ወደ ጨለማ ሲሻገር ከእኛ ዓይን ይልቅ ቀስ ይላል። ቀትር ላይ ከድሬ ፀሐይ ሲመጣ በሩ ለእሱ ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ወለሉ የት እንደሆነም አያይም። በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ለእንደ እሱ ዓይነት እንስሳ ብልህነት ነው።

ከበሩ ፊት ሁለት ወይም ሦስት ሜትር የሚሆን ዳስ ወይም የቆርቆሮ ጥላ ሥራና እዚያ አቁመው፤ ውሃውን እዚያ ይጠጣ፣ ማሰሪያው እዚያ ይፈታለት። እስኪጠጣ ድረስ ዓይኑ መንገዱን ይጀምራል። ከበሩ ወደ ውስጥ ያለውን ግድግዳ ኖራ ቀባ። በሩ አጠገብ ያለውን አምፖል ደግሞ ቀን ላይ አብራው። ሰዎች በቀን መብራት ማብራት ብክነት ይመስላቸዋል፤ የበር መብራት ግን ከሌሊት ይልቅ ቀትር ላይ ይጠቅማል። መግቢያው ላይ በጣውላ ክፍተት የሚገባ የብርሃን መስመር ወለሉን ካሸነተረው ያንንም ድፈነው፤ ደማቅና ጥቁር መስመር ፈረስ ለመርገጥ የሚፈራው ነገር ነው። አምፖሉም በዓይኑ ትክክል የሚያበራ አይሁን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐረር፣ ከፈረስ መጋላ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ባዝራ አለችኝ። ውጭ አገር የሚኖር ወንድሜ ባዝራዎች ቶሎ እንዲያረግዙ ሌሊት መብራት ይበራላቸዋል አለኝ። እኔስ ላብራላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ የነገረሽ እውነት ነው፤ ግን የእነሱ ችግር የአንቺ ችግር አይደለም። ባዝራ የምትጠቃው ቀኑ ሲረዝም ነው። በአውሮፓ ክረምት ቀኑ በጣም ያጥራል፣ የባዝራዋም ማኅፀን ያርፋል። ስለዚህ አርቢዎቹ ከፀደይ አስቀድመው፣ ለሁለት ወር ያህል፣ የቀኑንና የመብራቱን ጊዜ አንድ ላይ በቀን 16 ሰዓት ያደርሱታል፤ በዓይኗ ከፍታም 100 ሉክስ ገደማ እንዲያገኛት ያደርጋሉ። አእምሮዋ ፀደይ የገባ ይመስለዋል።

በሐረር ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። እዚህ አገር ባዝራን ከፀሐይ ይልቅ ሆዷ ነው የሚመራት። የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር ከሆነ ለመብራት የምትከፍይውን ገንዘብ ለፉርሽካና ለጥሩ ድርቆሽ አውጪው፣ የእንስሳት ሐኪምም ጥርሷንና የሆድ ትሏን ይይላት። ሌሊቱን በጨለማ እንድታርፍ ተያት፤ ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል እንጂ ጥልቁን እንቅልፍ የሚተኛው ጋደም ብሎ ነው፣ ለዚያም ጸጥታ ይፈልጋል። መውለጃዋ ሲደርስ ግን ሳትረብሻት እንድታያት ደብዘዝ ያለ ቀይ አምፖል ከውጭ በኩል ስቀይላት። ፈረስ ቀይን እንደ እኛ አጉልቶ አያይም።

ጥያቄ፦ መልካ ጀብዱ በኩል ያለው ጋጣችን የኤሌክትሪክ መስመር አልደረሰውም። በሶላር አራት አምፖል ማብራት ይቻላል?

መልስ፦ በደንብ ይቻላል፤ እንዲያውም 12 ቮልት ስለሆነ ፈረሱን የሚገድል ንዝረት የለበትም፣ ለጋጣ እወደዋለሁ። ባለ 5 ዋት የ12 ቮልት አምፖሎች አራት ቢሆኑ 20 ዋት፣ ማታና ማለዳ በድምሩ አራት ሰዓት ቢበሩ 80 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ባለ 40 ዋት ፓኔል በድሬ ፀሐይ፣ ሙቀቱና አቧራው የሚቀንሰው ታስቦም፣ ይህን ይሞላል፤ ለደመናማ ቀንም ትንሽ ይተርፈዋል። ባትሪው 12 ቮልት፣ 18 አምፔር ሰዓት ይሁን። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች አታውርዱት፤ ግማሹ ራሱ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ስለሆነ ይበቃችኋል።

ሻጩ ቀጭን ሽቦ ከሰጣችሁ መልሱለት። 12 ቮልት ረጅም መንገድ በቀጭን ሽቦ ሲሄድ ደክሞ ይደርሳል፣ የመጨረሻው አምፖል ይፈዛል፤ እስከ 15 ሜትር ድረስ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ተጠቀሙ። ከባትሪው አጠገብ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ይግባ፤ 12 ቮልት ሰው ባይገድልም ሽቦው ቢገናኝ ጭድ ያቃጥላል። ፓኔሉን ወደ ደቡብ ትንሽ አዘንብሉት፣ አቧራውንም በየሳምንቱ ማለዳ፣ ሳይሞቅ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ባትሪው ከጋጣው ውጭ፣ አየር በሚያገኝ ሳጥን ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ በሚሆንበት ግድግዳ ሥር ይቀመጥ፤ የቆላው ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥረዋል፣ ሲሞላም የሚወጣው ጋዝ ከድርቆሽ መራቅ አለበት።